ዘጌ፦ ሞፈር ያልነካው ልሳነ ምድር

በጣና ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሐይቁን «ባሕር» ብሎ ይጠራዋል። የባሕር ዳር ከተማ ስምም ከዚሁ አጠራር የመጣ ነው። በዳርቻው ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው አጠራሩ ማጋነን አይሆንበትም፤ ማዶው አይታይም፤ ውኃውና ሰማዩ ተገናኝተው ይታያሉ። ከዚህ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ ከውኃው ጠርዝ እስከ ኮረብታው አናት በደን የተሸፈነ ምድር አለ። ዘጌ ይባላል።

ዘጌ ለባሕር ዳር ነዋሪ የዕረፍት ቀን መናፈሻ፣ ለሩቅ እንግዳ ጥንታውያን ገዳማትን የሚሳለምበትና የሚጎበኝበት ስፍራ ነው። በደን ጥላ ሥር መሄድ፣ በዛፎች መካከል የሐይቁን ሰማያዊ ገጽ ማየትና ትኩስ ቡና ጠጥቶ መመለስ የብዙዎች ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕይታ ተፈጥሮ ብቻዋን ያቆየችው አይደለም። በጣና ዙሪያ ያለው ሌላው መሬት ለዘመናት ሲታረስና ሲመነጠር ዘጌ በደን ተሸፍና የቀረችው ሕዝቧ መሬቱን ላለማረስ በገባው ቃል ምክንያት ነው። ቃሉ ጸንቶ የሚቆየው ደግሞ ከደኑ ሥር የሚገኘው ቡና የቤተሰቡን ጉሮሮ እስከደፈነ ድረስ ነው። ስለዚህ ጎብኚው በዘጌ የሚያወጣው ብርና የሚረግጠው መንገድ ከደኑ ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው።

ምድሩና ባሕሩ

ጣና በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱንም እንዲሁ ይገምት ይሆናል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ክፍሉ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ጣና ሰፊ ገበታ እንጂ ጥልቅ ጉድጓድ አይደለም።

ሐይቁ የተፈጠረው በጥንት ዘመን ከከርሰ ምድር የወጣ ቅልጥ ዐለት የወንዞቹን መውረጃ በመዝጋቱ እንደሆነ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተባሉት ወንዞች ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያመጣሉ። ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ከሐይቁ ወጥቶ ረጅም ጉዞውን ይጀምራል። በሐይቁ ውስጥ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ዘጌ ግን ደሴት አይደለችም፤ በአንድ ጎኗ ከየብስ ጋር የተያያዘች፣ በቀሩት ጎኖቿ በውኃ የተከበበች ልሳነ ምድር ናት።

የልሳነ ምድሩ ከፍተኛ ስፍራ አራራት የሚባለው ኮረብታ ነው። ከሐይቁ ገጽ 200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ ለዕይታ ያለው ጥቅም በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። ምድር ክብ በመሆኗ በሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ዐይኑ የሚደርሰው ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ላይ እስካለው የውኃ ገጽ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ለሚመለከት ሰው ግን አየሩ ጥርት ካለ የዐይኑ ወሰን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰሜን ያለው ጎርጎራ ከዚህም በላይ ስለሚርቅ ዳርቻው ከዓድማስ በታች ይቀራል። በጣና ላይ ያለ ሰው ሐይቁን ባሕር እንዲል የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መቼና እንዴት ይኬዳል?

ወደ ዘጌ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሚኬድበት የውኃ መንገድ ሲሆን እንደ ጀልባው ፍጥነት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመንገዱም ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት ደሴቶች ይታያሉ። ሁለተኛው በመኪናም ሆነ በብስክሌት የሚያስኬደው የየብስ መንገድ ነው፤ ይህኛው አፋፍ ወደተባለችው የዘጌ ትንሽ ከተማ ያደርሳል። በየብስ የሚሄድ ሰው የታረሰው ማሳ የት ላይ አብቅቶ ደኑ የት ላይ እንደሚጀምር በዐይኑ ያያል። በውኃ የሚሄደው ደግሞ ልሳነ ምድሩን ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ ያገኘዋል።

ለእግር ጉዞም ሆነ ለዕይታ ተመራጩ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሚያጠራው ሩቅ ያለው ሁሉ ቀርቦ ይታያል፤ ሐይቁም ሞልቶ እስከ ዛፎቹ ሥር ይደርሳል። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ዕይታውን ያደበዝዙታል፤ ውኃውም እየሸሸ ሲሄድ የጀልባ መውረጃው ጭቃና ድንጋይ ይበዛበታል። በክረምት ወራት ደግሞ የደኑ መንገድ ያዳልጣል።

በማናቸውም ወቅት ቢሆን ጉዞውን በማለዳ መጀመር ይበጃል። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን የየብሱ አየር በፀሐይ ሞቆ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ቀዝቃዛው የሐይቁ አየር ወደ ዳርቻው ስለሚነፍስ ማዕበሉ ይበረታል። በጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ፣ ጀልባው ከአቅሙ በላይ እንዳይጭን መጠንቀቅና ከምሽት በፊት መመለስ የሁሉም ተጓዥ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ከጉዞው በፊትም ስለ አካባቢው ጸጥታና ስለ ጀልባ እንቅስቃሴ ማጣራት ብልህነት ነው።

በደኑ ጥላ ሥር

ከጀልባ ወርዶ ወደ ደኑ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የአየሩን ለውጥ ነው። ውጭ ሲያቃጥል የነበረው ፀሐይ በቅጠሎች ተጣርቶ ይደርሳል፤ መሬቱ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ ለስላሳ ነው። ትንሽ ቆም ብሎ ላስተዋለ ደኑ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ መሆኑ ይታየዋል። ከላይ እንደ ዋርካ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛና ሰሳ ያሉት ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከእነርሱ በታች እንደ ብሳናና ብርብራ ያሉት መካከለኞቹ ይገኛሉ። ከሥራቸው ቡናና ጌሾ፣ አልፎ አልፎም ሎሚና ሌላ ፍራፍሬ ይታያል። ከሁሉም በታች የነገዎቹን ዛፎች ችግኞች የያዘው መሬት አለ።

እያንዳንዱ ፎቅ ሥራ አለው። የላይኞቹ ዛፎች የፀሐይን ኃይልና የዝናቡን ጠብታ ያበርዳሉ። የሚያረግፉት ቅጠል በስብሶ ለቡናው ማዳበሪያ ይሆናል። ሰሳና ብርብራ ከአየር ናይትሮጂን ወስደው ለአፈሩ ከሚሰጡ የአባዝርት ወገን ናቸው። ቡናው በጥላ ሥር ሲያድግ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጥራቱ ይጨምራል። ነገር ግን ጥላው ከልክ በላይ ሲበዛ ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለይዞታው የትኛውን ቅርንጫፍ መልምሎ የትኛውን እንደሚተው በየዓመቱ ይወስናል። ጎብኚው ጫካ ብሎ የሚያየው ምድር በእርግጥ በብዙ ትውልድ እጅ የተኮተኮተ የቡና አጸድ ነው።

በመንገዱ ላይ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ይታያሉ። በሐይቁ ዳር ዓሣ አዳኝ ንስርና ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ይገኛሉ። ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎችም እስካሁን ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ታንኳ ቀላልና ርካሽ መጓጓዣ ነው፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ግን በየጊዜው መተካት አለበት። ስለዚህ የዳርቻው ደንገል ከጠፋ ታንኳው ከነሙያው አብሮ ይጠፋል።

ሞፈር ለምን አልገባም?

በአገራችን አብዛኛው የገጠር ነዋሪ «አርሶ አደር» ተብሎ ይጠራል፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነው። በዘጌ ግን ይህ ስም በልኩ አይገጥምም፤ የዘጌ ገበሬ ሳያርስ የሚያድር ነውና። በልሳነ ምድሩ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት በጥንታዊ ልማድ የተከለከለ ነው።

የልማዱ ምንጭ ሃይማኖታዊ ትውፊት ነው። ትውፊቱ እንደሚያወሳው በመካከለኛው ዘመን በዘጌ ገዳማዊ ሕይወትን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ። በትራቸውንም በሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። እነዚህ ሦስት ተክሎች እስከ ዛሬ የዘጌ መታወቂያ ናቸው። ትውፊቱ በምእመኑ ልብ ያለው ክብር ሕጉ ያለ ዘብ እንዲከበር አድርጎታል።

ሕጉ ከግብርና ሙያ አንጻር ሲታይም ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ ደን የሚጠፋው ትልልቆቹ ዛፎች በመቆረጣቸው ብቻ አይደለም፤ የሚተካቸው ትንሽ ችግኝ በማጣታቸውም ጭምር ነው። ከብት በሚሰማራበት ደን ለጋው ችግኝ ይበላል፤ የተረፈውም በኮቴ ይረገጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ለጊዜው ቆመው ስለሚታዩ ደኑ ያለ ይመስላል፤ ሲያረጁ ግን ወራሽ የላቸውም። ሞፈር ደግሞ የአፈሩን ትስስር ይፈታል፤ በተዳፋት መሬት ላይ የተፈታ አፈር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዘጌ ኮረብታማ ናት። ሞፈር ገብቶባት ቢሆን ኖሮ ለም አፈሯ ዛሬ በጣና ወለል ላይ በተገኘ ነበር።

በጣና ተፋሰስ የሚሆነውን የተመለከተ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከታረሱት ደጋዎች የሚነሡት ወንዞች በክረምት ጎሽ ሆነው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከደለሉ ጋር የሚገባው የማሳ ንጥረ ነገር እንቦጭን ይመግባል። ይህ መጤ አረም በጣና ላይ በይፋ ከታወቀ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ፣ በተለይ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲያስጨንቅ ቆይቷል። በዳርቻ ላይ ያለ ያልታረሰ ደን ደለሉን በማስቀረት ሐይቁን ይጠብቃል።

ደኑን የሚፈትነው ምንድን ነው?

ቃል ኪዳኑ ጠንካራ ቢሆንም ኑሮ ይፈትነዋል። የማያርስ ቤተሰብ እህሉን ከገበያ ይገዛል። ስለዚህ የቡናና የእህል ዋጋ ሚዛን የቤቱን ኑሮ ይወስናል። ቡናው በደህና ዋጋ ተሽጦ ጤፉና በቆሎው በመጠን ሲሆን ቤቱ ይጠግባል። ቡናው አነስተኛ ምርት በሰጠበት ዓመት እህል ከተወደደ ግን ቤተሰቡ በእጁ ያለ ሌላ ሀብት ይፈልጋል። በእጁ ያለው ሌላ ሀብት ዛፉ ነው።

ባሕር ዳር እያደገች ያለች ከተማ ናት። ማገዶ፣ ከሰልና የቤት መሥሪያ እንጨት ትፈልጋለች። በሐይቁ ላይ የሚጫን እንጨት ደግሞ ገዢ አያጣም። የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል። ትልቅ የጥላ ዛፍ ለመሆን ግን አሥርተ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ዛፍ መቁረጥ የአንድ ሳምንት ችግርን ሲያቃልል የአንድ ትውልድን ጥላ ይወስዳል። ጥላው የተገፈፈበት ቡና ለጥቂት ጊዜ ፍሬ ቢያበዛም በፀሐይና በድርቅ ይዳከማል። ያኔ ባለይዞታው ቡናውንም ዛፉንም ያጣል።

በዙሪያው ባለው መሬት ፈጥኖ ገንዘብ የሚያመጣ ጫትና ባሕር ዛፍ መስፋፋቱም ሌላ ፈተና ነው። ጎረቤቱ በዓመት ደጋግሞ ጫት ሲሸጥ እያየ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለቀም ቡና ጠብቆ መኖር ትዕግሥት ይጠይቃል። የዘጌ ወጣት መሬት ሲካፈል የሚደርሰው ይዞታ ከአባቱ ያነሰ መሆኑ ደግሞ ትዕግሥቱን ይበልጥ ይፈታተነዋል።

ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ በዩኔስኮ፣ የሰውና የተፈጥሮ መጠበቂያ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፍራው ወደ 700,000 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን ዘጌም በውስጡ ትገኛለች። የዚህ ዓይነቱ ምዝገባ ሰውን ከተፈጥሮ አስወጥቶ አጥር ለማጠር የታሰበ አይደለም። ጥብቅ ክልሉን፣ ዙሪያውን የሚከላከለውን ክልልና ሰው ሠርቶ የሚኖርበትን ክልል ለይቶ ሁሉም እንዲጠቀም ለማድረግ ነው። ምዝገባው ግን ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ዛፉን የሚያቆመው ከቆረጠው ይልቅ ቢያቆመው የሚጠቀም ባለቤት ነው።

የጎብኚው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

የዘጌ ጎብኚ ገንዘቡን የሚያወጣው በአራት ዋና ዋና ነገሮች ላይ ነው፤ ለጀልባ፣ ለአስጎብኚ፣ ለገዳማት መግቢያና ለሚገዛው ዕቃ ወይም ለሚጠጣው ቡና። እነዚህ አራቱ የሚደርሱበት ኪስ የተለያየ ነው። የጀልባው ክፍያ ለባለ ጀልባው ይሆናል። የመግቢያው ገንዘብ ገዳማቱን ያግዛል። የአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ ክፍያውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጥላውን ጠብቆ ያቆየው ባለ ቡና ግን ጎብኚው በግቢው አጠገብ አልፎ ከሄደና አንዳች ካልገዛው ከጉብኝቱ በቀጥታ የሚያገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ዘጌን የሚወድ ጎብኚ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቀላል ነገሮች አሉ። የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ አንዱ ነው። ቡናውን ከለቀመው ቤተሰብ እጅ መግዛት፣ በመንደሩ ተቀምጦ አቦል ቶና በረካውን ጠጥቶ ዋጋውን መክፈልና የእጅ ሥራ ውጤቶችን ከሠሪው መግዛት ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆይቶ ከሚመለስ ይልቅ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚዘዋወር እንግዳ ለመንደሩ ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዳው እንዲገዛ ግን የሚገዛው ነገር ጥራት ያለው ሊሆን ይገባል። የዘጌ ቡና በአብዛኛው ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጀንፈል ይባላል። ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት የግብርና ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቀይ የበሰለውን ፍሬ ብቻ መልቀም፣ አረንጓዴውንና የረገፈውን መለየት፣ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ያስፈልጋል። በመሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይወስዳል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከተተውም ይሻግታል። በአልጋ ላይ የደረቀው ቡና ግን የደኑን ጣዕም ይዞ ወደ ከተማው ስኒ ይደርሳል። ከጥላ ሥር የተለቀመ መሆኑን የሚያውቅ ገዢ ካገኘም የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

በገዳማቱ ደጃፍ

በዘጌ የእግር መንገዶቹ ከገዳም ወደ ገዳም የሚያገናኙ ናቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ሥላሴና ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት ከታወቁት መካከል ይገኛሉ። በተለይ ክብ ቅርጽ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎቹ እጅግ ይታወቃል። ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሥዕሎቹ ለዘመናት መጽሐፍ ሆነው አገልግለዋል።

ገዳም መናፈሻ ሳይሆን የጸሎት ቤት በመሆኑ ሥርዓቱን ማክበር ይገባል። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ልብስን መሸፋፈን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በብልጭታ ፎቶ ማንሣትና ሥዕሉን በእጅ መንካት አይገባም፤ ብርቱ ብርሃንና የእጅ ወዝ ቀለሙን ያጎድፉታልና። በጣና ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል፣ ሴቶችን አያስገቡም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት የትኞቹን እንደሚጎበኝ ቢወስን ይመረጣል።

ተጓዡ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ

የመጀመሪያው ከመንገድ አለመውጣት ነው። በደኑ ወለል ላይ ያለው ትንሽ ቅጠል ለማያውቀው አረም ይመስላል፤ ነገር ግን የነገው ጥቁር እንጨት ወይም የነገው ቡና ሊሆን ይችላል። ከብት እንዳይረግጠው ለዘመናት የተጠበቀውን ችግኝ የእንግዳ እግር ሊረግጠው አይገባም። በተዳፋቱ ላይ አቋራጭ መንገድ ማውጣትም ውኃ የሚወርድበት ቦይ ይፈጥራል፤ ቦዩ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቆሻሻን ይዞ መመለስ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስና ላስቲክ በደን ውስጥ አይበሰብስም፤ ዝናቡ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። ጦጣዎችን መመገብም ከመልካምነት አይቆጠርም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ እንግዳውን ይተናኮላል፤ እንግዳው ሲሄድም ወደ ገበሬው ጓሮ ይዞራል። እሳት ማንደድና ሲጋራ መጣል በደረቅ ወራት የዘመናትን ደን በአንድ ቀን ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ጤናን ይመለከታል። በጣና ዳርቻ በዘጌ አካባቢም ጭምር የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በዳርቻው ባለ የረጋ ውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ዐይን የማያየው ጥገኛ ተሐዋሲ የሰውን ቆዳ በስቶ ሲገባ ነው። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ዑደቱም ይቀጥላል። ስለዚህ በዳርቻው ውኃ ከመዋኘትና በባዶ እግር ከመቆም መቆጠብ፣ የነካ ሰውም ምልክት ካየ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል። በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል። በመንደሩም በእንግዳው መቆያም መጸዳጃ ቤት መኖሩና በአግባቡ መጠቀም የሐይቁንም የሰውንም ጤና ይጠብቃል።

ከዘጌ ምን ይወሰዳል?

ዘጌ ያላት ነገር ለሌላው አካባቢ ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም። የፎገራ ሩዝ አምራች ማሳውን ደን ያድርግ ሊባል አይችልም፤ የዘጌም ቃል ኪዳን የዘጌ ነው። ሆኖም ከልማዱ ጀርባ ያለው አሠራር ለማንኛውም ገበሬ ይጠቅማል። ተዳፋት የሆነውን ማሳ ጫፍ ከሞፈርና ከልቅ ግጦሽ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ያሳረፈ ሰው፣ ዘር ሳይዘራ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ሲበቅል ያያል። በጓሮው ቡና ያለው ደግሞ ዋንዛውንና ሰሳውን ለማገዶ ከመቁረጡ በፊት ለቡናው የሚሰጡትን ጥላና ቅጠል በዋጋ ቢያስብ ስሌቱ ይለወጥበታል። በሐይቁና በወንዝ ዳር ያለ ባለ ማሳም በማሳውና በውኃው መካከል ያለውን ደንገልና ሣር ሳያርስ ቢተው አፈሩን ለራሱ ያቆያል።

ለከተማው ነዋሪም ቢሆን ነገሩ ከመናፈስ ያለፈ ነው። የባሕር ዳር ሰው የሚበላው ዓሣና የሚወደው የሐይቅ ነፋስ ከዳርቻው ዛፎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ምጣዱ ሥር የሚነደው እንጨት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ፣ ቆጣቢ ምድጃ የሚጠቀም፣ ቡናውን ከጥላ ሥር ከሚያመርተው ወገን የሚገዛ የከተማ ነዋሪ አራራትን ሳይወጣም ለዘጌ ደን ዘብ ቆሟል።

በዘጌ ኮረብታ ላይ ደኑ ገለጥ በሚልበት ስፍራ ቆሞ ወደ ሐይቁ የሚመለከት እንግዳ ዐይኑ ወደ ሩቁ ውኃ መሳቡ አይቀርም። ሩቁን የሚያይበት ጥላ ግን ከራሱ በላይ ባለው ዛፍ የተሰጠው ነው፤ ዛፉም ባለቤት አለው። የባለቤቱ ቤት በቡናው ከጠገበ ልጆቹም ደኑን ይጠብቃሉ፤ ከተራበ ግን ቃል ኪዳኑ ብቻውን መጥረቢያውን ለሁልጊዜ ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ወደ ዘጌ የሚሄድ ሁሉ ሲመለስ በእጁ ጥቂት ቡና ቢይዝ፣ የዚያን ዛፍ ጥላ ለሚቀጥለው ዓመት አስቀጥሏል ማለት ነው።